ከረቂቁ የወጣው ስም

ዲላ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ዘርዓብሩክ፣

ደህና ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው፣ ሌላውን ሲያነቡ ደህና አይደለችም እንዳይሉ ነው።

አዎ፣ ጀምሬዋለሁ። አይ፣ አልጀመርኩትም። ሁለቱም እውነት ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር አለኝ፤ ጠዋት እጽፈዋለሁ፣ ከሰዓት በኋላ እሰርዘዋለሁ፣ በማግስቱ ያንኑ መልሼ እጽፈዋለሁ። «በጌዴኦ ዞን የመሬት ድንበር ክርክሮች በሶንጎ፣ በሽማግሌዎች ሸንጎ፣ ይታያሉ።» ልክ ነው። ማንም አይቃወመውም። የምሰርዘውም ለዚሁ ነው።

ለምን እንደማልደውል ጠይቀውኛል። በስልክ እሺ ማለት ይቀናኛል። የእርስዎን ድምፅ ስሰማ ደግሞ እንደገና ተማሪዎ እሆናለሁ። አሁን እኔም አስተማሪ ነኝ፣ ኮሌጁ ቢሮ ሰጥቶኛል፣ በሩ ላይ ስሜ አለ፤ ድምፅዎ ግን ይህን ሁሉ አያውቅም። ስጽፍ እሺ ከማለቴ በፊት አስባለሁ።

መሰረት ማን እንደሆነች በቅጡ አልነገርሽኝም ብለዋል፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከወናጎ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ባሏ ታሞ በተኛበት ወራት ወንድሙ ሽብሩ የድንበሩን ተክሎች ነቅሎ፣ ወደ እነሱ ማሳ አስገብቶ ተከላቸው ትላለች። ተክሎቹ ዛሬ ሥር ይዘዋል። ድሮም እዚያው የነበሩ ይመስላሉ። ቡናዋና እንሰቷ ግማሹ በእሱ በኩል ቀርቷል። ጉዳዩ ሽማግሌዎቹ ፊት ነው፤ ምስክር የላትም።

አላት እንጂ። አንድ ያየ ሰው አለ። የሽብሩ እናት፣ የመሰረት አማት፣ እማማ ወርቂቱ። የሚኖሩት ሽብሩ ቤት ነው። እሱ ይርጋጨፌ ቡና ሊያስረክብ በሄደ ዕለት መሰረት ይዛኝ ገባች። አሮጊቷ በጌዴኦኛ ተናገሩ፤ መሰረት ተረጎመችልኝ። የእሷ አማርኛ የገበያ አማርኛ ነው፤ አንዴ አንቺ ትለኛለች፣ አንዴ አንተ።

«በዓይኔ አይቻለሁ ትላለች» አለችኝ። «ግን አንተ እንዳትናገር። ራሷ ሶንጎ ላይ ቆማ ነው የምትናገረው። ልጇ ነው፤ ቀላል ነገር አይደለም። ሌላ ሰው ቀድሞ ካወራ፣ አሮጊቷን አስጠንተዋት ነው ይላሉ። ከዚያ በኋላ ብትምልም አትሰማም።»

«አልናገርም።»

«ትጽፋለህ ግን።»

«እጽፋለሁ። ስም ቀይሬ።»

«እሺ ቀይር። ለእኔ ቆንጆ ስም ስጠኝ፣ የዘፋኝ ስም» ብላ ሳቀች። አሮጊቷ ምን እንዳሳቃት ጠየቁ። ስትነግራቸው ግን እሳቸው አልሳቁም።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ስሞቹን ከአሁኑ ልቀይር? ስቀይራቸው ሰዎቹ ይጠፉብኛል። «መረጃ ሰጪ አራት» ብዬ ስጽፍ መሰረት አትስቅም።

አክባሪዎ
የትምወርቅ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 11 ቀን 2017

የትሜ፣

አንቺ ደህና ነኝ ካልሽ እኔም ደህና ነኝ። ያንቺን ደብዳቤ ሳነብ ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ጸሐፊዋ በሩን ከፍታ አየችኝ።

የምሰርዘው ልክ ስለሆነ ነው ብለሻል። እንግዲያው ስህተት ጻፊ። ስንት ጊዜ ነግሬያችኋለሁ፤ የመጀመሪያ ረቂቅ የማንም አይደለም። አንባቢ የለውም፣ ዳኛ የለውም። እንደ ወሬ ጻፊው። ወደ ኋላ አትመልከቺ። ባዶ ቦታ ከገጠመሽ «እዚህ ጋ አንድ ነገር ይገባል» ብለሽ እለፊው። ረቂቅ የሚያበላሸው ከጊዜው በፊት ማሳመር ነው።

ስሞቹን አትንኪ። በእውነተኛ ስማቸው ጻፊና በቀይ ቀለም አድርጊያቸው። ኋላ ስታጸጂ ቀይ ቀዩን እየለቀምሽ ታወጫለሽ፤ አንድም አያመልጥሽም። እኔ ሁልጊዜ የምሠራው እንደዚያ ነው።

ስለ ራሴ ጽሑፍ ጠይቀሻል። እየሄደ ነው።

እንዳለቀልሽ ላኪልኝ። ሳያልቅም ላኪልኝ። ታኅሣሥ ላይ እዚህ አንዲት ትንሽ ዐውደ ጥናት አለችብን፤ ከእሷ በፊት ባነበው ይሻለኛል፣ ከዚያ በኋላ ፋታ የለኝም።

እናትሽን ሳሚልኝ። ሱቃቸው ውስጥ እንድቀመጥበት የሰጡኝን ዱካ አልረሳሁም።

ያንቺው
ዘርዓብሩክ


ዲላ፣ ኅዳር 30 ቀን 2017

ጋሽ ዘርዓብሩክ፣

ከዚህ ጋር ተያይዟል። ላክሁት፤ ከላክሁት በኋላ ከፈትሁት፤ ከከፈትሁት በኋላ መመለሻ ፈለግሁ። መመለሻ የለውም።

ያሉት ሠራ። ስሞቹን እንዳሉ ስተዋቸው ዓረፍተ ነገሮቹ እርስ በርስ እየተጠራሩ መጡ። ሽብሩን በአባቱ ስም ጭምር ጻፍሁት። አሮጊቷ ከተቀመጡበት በርጩማ ጀምሮ፣ እጃቸውን እንዴት እንዳሳዩኝ፣ ልጃቸው ተክሉን በየት በኩል እንደጎተተው። ጥናታዊ ጽሑፍ ይሁን አይሁን አላውቅም። አንድ ቦታ ላይ «ነበር ነበር» ብዬ ደግሜ ጽፌያለሁ፤ ያሉትን አክብሬ ወደ ኋላ አልተመለስሁም።

አሁን አንድ ነገር ልለምንዎት ነው። መለመኔ ራሱ እንዳያስቀይምዎት እፈራለሁ፤ ባልለምንዎት ደግሞ እንቅልፍ አይወስደኝም። እባክዎን ለማንም አያሳዩት። ለወዳጅም ቢሆን። ሽማግሌዎቹ የቡና ለቀማ እስኪያልቅ አይቀመጡም፤ አሁን ሁሉም ማሳው ውስጥ ነው፣ መንገዱ ጆንያ በጫነ ሰው ተሞልቷል። የሚቀመጡት ጥር ላይ ነው። አሮጊቷ የሚናገሩት ያን ጊዜ ነው። እስከዚያ በቀይ ያለው ሁሉ በእርስዎና በእኔ መካከል ነው።

ከጥር በኋላ ስሞቹን አወጣለሁ። ለመሰረት የዘፋኝ ስም እፈልግላታለሁ።

እናቴ ሰላምታዎ ደርሷታል። «ያ ሰው አሁንም ያወራል ወይስ መጻፍ ጀመረ?» ብላኛለች። ይቅር ይበሏት፤ ሱቅ ውስጥ ያደገ አንደበት ነው። ዱካው እንዳለ ነው ብላለች።

አክባሪዎ
የትምወርቅ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2017

የትሜ፣

ዝምታዬን በክፉ አትተርጉሚው። ሥራ፣ ስብሰባ፣ ጉንፋን። በዚህ ቅደም ተከተል።

አዎ፣ አንብቤዋለሁ። ግሩም ነው። እንዲህ መጻፍ እንደምትችዪ አላውቅም ነበር ብል ትቀየሚኛለሽ፤ አውቅ ነበር፤ ይህን ያህል ግን አልጠበቅሁም። እዚህም እዚያም ነካ ነካ አድርጌዋለሁ።

ለማንም አሳይተዋል ወይ ብለሽ ሁለት ጊዜ ጽፈሽልኛል። ጭንቀትሽን አውቀዋለሁ። ተማሪ ሳለሽ ፈተና አስረክበሽ ከወጣሽ በኋላ፣ ወረቀቱ ላይ ስምሽን መጻፍሽን ለማረጋገጥ ተመልሰሽ ትመጪ ነበር። አንድም ቀን ሳትጽፊ ቀርተሽ አታውቂም።

ዐውደ ጥናቷ በሰላም አለፈች። ሰዎቹ በጣም ወደዱት።

ለመጪው ገና አብሮ ያድርሰን። ለእናትሽ ሰላምታዬን አቅርቢ።

ዘርዓብሩክ


ዲላ፣ ጥር 14 ቀን 2017

ይድረስ ለዶክተር ዘርዓብሩክ፣

ትናንት በአንድ መስመር ለጻፍሁልዎት፣ ማን ነገረሽ ብለው መልሰውልኛል። ነገሩ እውነት ነው ወይ ብለው ሳይሆን፣ ማን ነገረሽ ብለው።

ሽብሩ ነገረኝ።

ከጥምቀት ማግስት ቢሮዬ መጣ። ኮት ለብሷል፣ ጫማው ታጥቧል። በሩን አንኳኩቶ፣ ይግቡ እስክል ቆሞ ጠበቀ።

«መምህርት፣ ሥራ ላስፈታሽ ነው።»

«ምንም አይደል፤ ይቀመጡ።»

አልተቀመጠም። ከኮቱ ውስጥ በጥንቃቄ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ከፍስሐ ገነት ከተማ የሄደ ዘመዱ የእርስዎ ዐውደ ጥናት ላይ ተገኝቶ ኖሯል፤ ለተሳታፊው ሁሉ ከታደለው አንዱን አምጥቶ ሰጥቶታል።

«ማንበብ እችላለሁ» አለኝ። «እስከ ስምንተኛ ተምሬያለሁ። ግን አንቺ እንድታነቢልኝ ነው የምፈልገው። ይቺን።»

ጣቱን ያሳረፈበትን አነበብሁለት። ጮክ ብዬ። የአሮጊቷን በርጩማ፣ እጃቸውን፣ ተክሉን። «ነበር ነበር»ም አለ። ነካ ነካ አድርጌዋለሁ ያሉኝ የቱን እንደሆነ ፈለግሁ፤ አላገኘሁትም።

«እናቴ ናት?» አለ።

«ይህ ረቂቅ ነው።»

«ረቂቅ ምን ማለት ነው?»

«ገና ያላለቀ ማለት ነው።»

«የእኔ ስም ግን ሙሉ ነው» አለ። «ከነአባቴ።»

እናትዎን ምን አሏቸው ብዬ ጠየቅሁት። አሁን ሳስበው መጠየቅ የማይገባኝን ነው የጠየቅሁት።

«ምን እላታለሁ? እናቴን? ምንም አላልኋትም። ወረቀቱ መምጣቱን ግን ሰምታለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ከእጄ ምግብ አትቀበልም። ትፈራኛለች፣ መምህርት። እኔን!» ድምፁ ሲሰበር እሱም ሰማው መሰለኝ፣ ወረቀቱን ማጠፍ ጀመረ። «ድንበሩ የእኔና የመሰረት ነገር ነው። ሽማግሌ አለው። ይሄን ግን ወደ ማን ነው የምወስደው?»

ሲወጣ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።

ስሞቹን በቀይ አድርጊያቸው ብለውኝ ነበር። የታደለው ቅጂ ጥቁር ነው። ቀዩ ከሌላው አይለይም። ሁሉም አለ፦ መሰረት አለች፣ ሽብሩ አለ፣ አሮጊቷ አሉ፣ ቀበሌው አለ። ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለስሁ፣ እንደ ፈተናው ቀን። ያለው የእርስዎ ስም ብቻ ነው።

ከዚያ ሁሉ ስም መርጠው ያወጡት አንድ ነው። የእኔን።

የትምወርቅ


አዲስ አበባ፣ ጥር 19 ቀን 2017

የትምወርቅ፣

ስንት ጊዜ ጀምሬ ተውሁት። እንደ ሌባ አትዪኝ። ሌባ የሚሰርቀው እንዳይታይ ነው፤ እኔ ሰላሳ ሰው ፊት ቆሜ ነው ያነበብሁት።

እውነቱን ልንገርሽ። ለዐውደ ጥናቷ ጽሑፍ ላቀርብ ቃል ገብቼ ነበር። የራሴን። እየሄደ ነው ያልሁሽን። አይሄድም። ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ ኮምፒውተሩን እከፍታለሁ፣ የሌሎችን ረቂቅ አርማለሁ፣ እዘጋለሁ። ለሰው ሁሉ እንዴት እንደሚጻፍ እናገራለሁ። እናትሽ ያሉት ልክ ነው፤ ንገሪያቸው። ቀኑ ሲደርስ እጄ ላይ የነበረው ያንቺው ብቻ ነው። ላነበው ብቻ ነበር ያሰብሁት። አዘጋጆቹ ቅጂ ጠየቁ፣ ሰጠሁ፣ ማባዛታቸውን አላሰብሁም። ስሞቹን ላወጣ ነበር። መጀመሪያ ከመግባቴ በፊት፣ ከዚያ ደግሞ ከሻይ እረፍቱ በኋላ። አላወጣሁም።

ያንቺን ስም ያወጣሁት ልጠብቅሽ ብዬ ነው። ነገር ቢመጣ እኔን ያግኝ ብዬ። ይህን ማመን እንደሚከብድሽ አውቃለሁ፤ ማታ ማታ እኔም ለማመን እሞክራለሁ።

አሁን የሚሻለውን እናስብ። ጽሑፉ በመድበል ሊታተም ተመርጧል። ስሞቹን እንቀይራለን፤ ያንቺን ስም ከእኔ ቀጥሎ አስገባለሁ። ለደረጃ ዕድገትሽ ይጠቅምሻል። ለአዘጋጆቹ ግን ምንም አትጻፊ። ከጻፍሽ፣ ረቂቁ የማን ነው ይባላል፤ የማን እንደሆነ ከታወቀ፣ የሰዎቹን ስም ማን ጻፈ ይባላል። ይህን የምልሽ ላንቺው ብዬ ነው።

ሽማግሌዎቹስ ቢሆኑ እንዲህ ያለ ወረቀት መች ያነባሉ? ነገሩ ይረሳል።

ዘርዓብሩክ


ዲላ፣ የካቲት 4 ቀን 2017

ዶክተር ዘርዓብሩክ፣

ሽማግሌዎቹ ማንበብ አላስፈለጋቸውም። ወረቀቱ ከእነሱ በፊት በሰው ሁሉ አፍ ዞሮ ደርሷቸዋል።

ከሶንጎው በፊት መሰረትን ወናጎ ባጃጆቹ የሚቆሙበት አገኘኋት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ቆማ ሙዝ ትገዛ ነበር፤ ገዝታ እስክትጨርስ አላየችኝም።

«ለእኔ የዘፋኝ ስም አልሰጠህም» አለችኝ።

«ወረቀቱን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። አንድ ሰው አምኜ ነበር።»

«እኔም» አለች።

ከዚያ በኋላ የነገረችኝ ይህ ነው። ሽማግሌዎቹ አሮጊቷን በሕዝብ ፊት ሊጠይቁ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው እውነት ነው ወይ ብለው። አዎ ካሉ፣ ከምራታቸው ጋር ሆነው ለከተማ ሰው ልጃቸውን የሸጡ እናት ይሆናሉ፤ ያስጠኗቸው ምስክር ናቸው፣ ቃላቸውም አይያዝም። አይደለም ካሉ ዋሽተዋል፤ ሁለተኛ እውነቱን ሊናገሩ አይችሉም። በሁለቱም በኩል መሰረት ማሳዋን አጥታለች። አሮጊቷም ልጃቸውን።

በሶንጎው ቀን ሄድሁ። ማንም አልጠራኝም። ሴት ወንድ ተቀምጧል፤ አሮጊቷ ከሽብሩ ኋላ፣ መሬት መሬት እያዩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወረቀቱን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ይዞት ነበር።

«ይሄን የጻፈ ማነው? ዶክተሩ ነው?»

«እኔ ነኝ» አልሁ።

«ከማን ሰምተሽ?»

ሳልዘጋጅ ነው የሄድሁት። ከዚያ በፊት ያሰብሁት ይቅርታ መጠየቅ ብቻ ነበር፤ በመንገድ ላይ የይቅርታውን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ስጽፍና ስሰርዝ ነበር።

«ከማንም አልሰማሁም። ከራሴ ፈጥሬ ነው።»

ተተረጎመ። «ከአሮጊቷ አይደለም?» አለ ሽማግሌው። «እሳቸውን አላናገርሁም። ቤታቸውም አልገባሁም። ታሪኩ እንዲያምር ብዬ ነው እናት ያስገባሁበት።»

«መንግሥት ደሞዝ የሚከፍልሽ ውሸት እንድትጽፊ ነው?» አለ ሽማግሌው፣ ሰው ሁሉ ሳቀ። ሌላው ደግሞ፣ «ተዋት፣ እንዲህ ከሆነ የእኔንም ልጅ ታስተምርልኝ፤ ውሸት መጻፍ እንኳ አይችልም» አለ። እንደገና ሳቁ። ሽብሩ አልሳቀም። ረጅም ጊዜ አየኝ። ያወቀ ይመስለኛል። የአሮጊቷ እጅ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ሳላይ ልጽፈው እንደማልችል ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ግን ዞሮ ለሽማግሌዎቹ፣ «በቃ፣ እናቴን ተዉልኝ» አለ።

ተዉለት። ወረቀቱ ተጣለ፤ ክርክሩ ለሌላ ቀጠሮ አደረ። አሮጊቷ ምንም እንዳልተናገሩ ሆነው ወደ ቤት ሄዱ። ለመናገር ወይም ላለመናገር አሁንም ነጻ ናቸው። ከአንድ ወረቀት በፊት የነበሩበት ቦታ ላይ ናቸው፤ ከፍርሃቱ በቀር።

ለመድበሉ አዘጋጆችም ያንኑ ጽፌያለሁ። ረቂቁ የእኔ መሆኑን፣ ያለ ፈቃዴ መቅረቡን፣ የምስክርነቱ ክፍል በሙሉ ፈጠራ መሆኑን። ቅጂውን ለኮሌጄ ዲን ሰጥቻለሁ። መረጃ ፈጠረች የተባለች አስተማሪ ምን እንደሚጠብቃት ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ማሳተም ከፈለጉ በስምዎ ያሳትሙት። ሰላሳ ሰው ፊት ቆመው ያነበቡት የእኔን ፈጠራ ነው።

እውነቱን የሚያውቁ እርስዎ እንደሆኑ አልረሳሁም። የኅዳር ሦስቱ ደብዳቤዬ እጅዎ ላይ ነው፤ አውጥተው፣ አልፈጠረችም፣ ቤታቸው ገብታ ሰምታለች ማለት ይችላሉ። ካወጡ ግን ለማንም እንዳያሳዩ የለመንሁዎት ደብዳቤም አብሮ ይወጣል። ይምረጡ።

ስመለስ መሰረት እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ። እንድትሸኘኝ አልጠበቅሁም። ብዙ ርቀን ከሄድን በኋላ፣

«ዋሸህ» አለችኝ።

«ዋሸሁ።»

«ለእኔ ብለህ ነው፣ ወይስ በዚያ ሰውዬ ተናደህ?»

ሚኒባስ መጣ። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ዲላ ዲላ እያለ ነበር። ቶሎ በይ አለኝ፣ ወዴት እንደምሄድ ሳይጠይቀኝ። ገባሁ። በመስኮቱ ሳይ መሰረት አሁንም መልሱን እየጠበቀች ነበር። እርስዎም የሚጠይቁኝ ይህንኑ ይሆናል። ለእሷ ያልመለስሁትን ለእርስዎ አልመልስም።

አሮጊቷ በሚቀጥለው ቀጠሮ ይናገሩ እንደሆነ አላውቅም። ባውቅም ከእኔ አይሰሙትም።

የትምወርቅ